ከአንድ ትሪ የበሉ

«ሰማያዊ ቆቦቹ ነቅለው ከሄዱ፣ ከልጁ ፊት ማን ይቆማል?»

ወይዘሮ የሺአረግ ታናሽ ወንድማቸውን ጉግሳን ይህን የጠየቁት ምሳ ላይ ነበር። ጉግሳ አምቦ ውኃውን ተጎነጨና ፊቱን ወደ እንግዶቹ አዞረ። አሁን ሞቶ ጓዳ ካለው አልጋ ላይ በእሳቸው ጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል፤ ገና ሰውነቱ በቅጡ አልቀዘቀዘም። እሳቸውም ጥያቄውን በልባቸው ያነሣሉ፣ ይጥላሉ። የወንድም ሬሳ ቤት ውስጥ ተኝቶ ስለ ሌላ መጨነቅ ነውር መሆኑን ያውቃሉ። የአያት አንጀት ግን ነውር አያውቅም።

ልጁ የልጅ ልጃቸው ሙሉአለም ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደና ሁለት አገሮች «የኔ ነው፣ የኔ ነው» በሚባባሉበት በአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ምሽግ ውስጥ ተቀመጠ። በወንዙ መካከል የዓለም አቀፉ ሰላም አስከባሪ ኃይል ወታደሮች ሰማያዊ ቆብ ደፍተው፣ ድንኳን ተክለው ይጠብቃሉ። እነሱ እዚያ እስካሉ ድረስ ከዚህም ከዚያም አይተኮስም። ተልእኳቸው ግን በየስድስት ወሩ መታደስ አለበት። ከሁለቱ መንግሥታት አንዱ «አልፈልግም» ካለ ድንኳናቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። የማደሻው ስብሰባ ነገ ሰኞ እዚሁ አዲስ አበባ ይደረጋል። የኢትዮጵያን ቃል ይዞ የሚገባው የልዑካን ቡድን መሪ ደግሞ ጉግሳ ነበር።

ያ ጉግሳ ነው ምሳ ላይ፣ እጁን ትሪው ላይ እንዳደረገ፣ «ይሂዱ» ያለው። «ድንበራችንን ባዕድ አይጠብቅልንም። ደም ከጠየቀ ደም አለን።»

የማን ደም እንደሆነ አልተናገረም። ከምሳ በኋላ እጁን ታጥቦ በረንዳ ላይ ሲወጣ ሆዱን ያዘ፤ አስታወከው፤ ወደቀ። መኪና ሳይነሣ ነፍሱ ወጣች። ከሠፈሩ ክሊኒክ በሩጫ የመጣው ሐኪም አፉን አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። «መርዝ ነው። የአይጥ መርዝ ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ ከዚያም ለፖሊስ ተደወለ።

ሻምበል ወዳጆ ሰቦቃ የመጣው ብቻውን ነው። አጠር ብሎ ደልደል ያለ፣ ጫማው ላይ የገርጂ ጭቃ የደረቀበት ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ግቢውን ዙሪያውን ተመለከተ።

«ይህ ቦታ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር፤» አለ ለወይዘሮ የሺአረግ። «ከዚያ ባሕር ዛፍ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ።»

ሴትዮዋ ደነገጡ። ቤቱን ባላቸው ሲሠሩት ቦታው የማን እንደነበር ጠይቀው አያውቁም። «እኛ ገዝተን ነው፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ፣ ዳኞቹም እንደዚያ ነው ያሉት። እንግባ።»

ሳሎኑ ውስጥ ስልኩ አጠገብ የተቀመጠው ጓድ አስፋው ነው። በልዑካን ቡድኑ ውስጥ የፓርቲው ዓይን ሆኖ የተመደበ ካድሬ ነው፤ እሱ ባለበት ሰው ከመናገሩ በፊት ምራቁን ይውጣል። ሻምበሉን ተነሥቶ አልተቀበለውም።

«ጓድ ሻምበል፣ ጊዜህን አታጥፋ። ይህ ተራ ግድያ አይደለም። የአገሩን ድንበር ለባዕድ አሳልፎ መስጠት የሚፈልግ ሰው ያደረገው ነው። ሰውየውም ይኸው፣ ተቀምጧል።»

በአገጩ የጠቆመው የጉግሳ ምክትል የሆነውን ኤርሳዶን ነበር። ኤርሳዶ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን በክራቫቱ ይወለውላል። ቀና አላለም።

«ማስረጃ አለዎት?» አለ ሻምበሉ።

«ይህን ስልክ አነሣለሁ፤ የሚወስዱት ሰዎች ይመጣሉ። ማስረጃውን ከአፉ ያወጡታል።»

«ያወጡታል፤ አልጠራጠርም። የሌለውንም ጭምር። ነገ ታዲያ በቡድን መሪው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል?»

«እኔ ነኛ። ‹ይሂዱ› እላለሁ፣ እንደ ጓድ ጉግሳ።»

ወይዘሮ የሺአረግ የበሩን መቃን ያዙ።

«እስኪመሽ ይስጡኝ፤» አለ ሻምበሉ። «ገና ፀሐይ አለ። ሬሳው በመዝገቤ ላይ ነው፤ ያለ ምርመራ ሰው ከወሰዱ ነገ የሚጠየቀው እኔ ብቻ አልሆንም።»

አስፋው እጁን ከስልኩ ላይ አላነሣም። ግን አልደወለም።

ሻምበሉ መጀመሪያ ወደ ጓሮ ነው የሄደው። ውሻው ሰንሰለቱን እየጎተተ የበግ አጥንት ይቆረጣጥማል። ዶሮዎች ከትሪው የተራገፈውን እንጀራ ሲለቅሙ ቆይተው አሁን ግንቡ ጥላ ሥር ይጫጫራሉ። ሁሉም ደኅና ናቸው። ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት ቦይ አጠገብ ግን አንድ ወጠጤ አውራ ዶሮ ክንፉን ዘርግቶ ሞቷል። ሻምበሉ ቁጢጥ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። በእንጨት ገለበጠው፤ ከመንቁሩ አረፋ ወጥቷል።

ከጀርባው ኑሪ ቆሞ ነበር። ኑሪ የልዑካኑ አስተርጓሚ ነው፤ ስልጤ ነው፣ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ያውቃል፣ የቢሮውንም መኪና የሚነዳው እሱ ነው።

«ጓድ አስፋው እኔንም ሊያስወስደኝ ነው?» አለ።

«ምን አደረግህ?»

«ለብቻዬ በላሁ። በጉን ያረደው ክርስቲያን ነው፤ ስለዚህ እማማ የሺ እንደ ሁልጊዜው ሽሮና ጎመን ለብቻ በሰሐን አቀረቡልኝ። በትንሿ ጠረጴዛ፣ በወጥ ቤቱ በር ትይዩ ተቀምጬ በላሁ። ከሰው ጋር ብበላ ኖሮ እንደ ሰው እጠረጠር ነበር። አሁን ከሰው በላይ ተጠረጠርኩ።»

ሻምበሉ ፈገግ አለ። «ሌሎቹ እንዴት ተቀመጡ?»

«አንድ ትሪ ከበቡ። አቶ ጉግሳ፣ ጓድ አስፋው፣ አቶ ኤርሳዶ፣ እማማ። ወይንሸት ትመላለስ ነበር።»

ወይንሸት የወይዘሮ የሺአረግ ልጅ፣ የሙሉአለም እናት ናት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የዕቃ ጭነት መጋዘን ጸሐፊ ናት። የዕለቱን ምሳ የሠራችው እሷ ነበረች።

«ከሟቹ ጋር ማን ተጎራረሰ?»

«ጓድ አስፋው አጎረሰው፤ ሁለት፣ እንደ ወጉ። እማማም አጎረሱት። ወይንሸት ከወጥ ቤት ይዛ መጥታ አጎረሰችው። አቶ ኤርሳዶ አላጎረሰም፤ አንዴ ግን ወጥ ቤት ገብቶ ወጥቷል።»

«ወይንሸት ስንት?»

ኑሪ ወደ ሞተው ዶሮ አየ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት አየ። ይህ ቤት ስንት ጊዜ አብልቶታል። «ዓይኔ ምግቤ ላይ ነበር፤» አለ።

ሻምበሉ ኤርሳዶን በረንዳ ላይ አስወጣው። አውሮፕላን ከላያቸው አለፈ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ዐርብ ዕለት ቢሮ ውስጥ ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩበት።»

«ስለምን?»

«ስለ ተልእኮው መታደስ። ‹ሌላ ስድስት ወር ይጨመር፤ ባይሆን ክረምቱ እስኪያልፍ› አልኩ። ‹ፈሪ› አለኝ።»

«ማን ፊት?»

ኤርሳዶ ቀና ብሎ አየው። «ጓድ አስፋው ፊት።»

«ብቻችሁን ስትሆኑስ ምን ይልህ ነበር?»

ኤርሳዶ መነጽሩን እንደገና አወለቀ።

«ምሳ ላይ አላጎረስከውም።»

«ፈሪ ያለኝን ሰው ላጉርስ?»

«ወጥ ቤት ግን ገብተሃል።»

«ጨጓራ አለብኝ፤ ክኒን መዋጫ ውኃ ፈልጌ ነው። ሰው አልነበረም። ቧንቧው ዝም ብሎ ይፈስ ነበር፤ ዘግቼው ወጣሁ።»

«በዚያ ወጥ ቤት የአይጥ መርዝ ይኖር እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አሁን ካንተ ሰማሁ።»

ጓድ አስፋው ይህን በመስኮት ሰምቶ ኖሮ ብቅ አለ። «ይኸውልህ፤ ወጥ ቤት ገብቻለሁ ብሏል። አላጎረስኩም ብሏል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ? እኔ ጓድ ጉግሳ ሲናገር ልቤ ሞቆ አጎረስኩት። ከዚያ አፍ እንደዚያ ያለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም ነበር።»

«ሰምተው አያውቁም?»

«እስከ ዛሬ ድረስ ለዘብተኛ ነበር። ዛሬ ነቃ።»

«ዛሬ» አለ ሻምበሉ፣ ቃሏን እንደ ቆሎ እያላመጠ። «የወይንሸትን ጉርሻስ አዩ?»

«ሴት ታጎርሳለች። ቁጭ ብዬ ጉርሻ አልቆጥርም።»

ወጥ ቤት ውስጥ ወይንሸት ዕቃ ታጥባለች። ዓይኗ ደርቋል። በመደርደሪያው ላይ፣ ከጨው ቆርቆሮው ጀርባ፣ የመርዙ ጠርሙስ ተቀምጧል።

«ይህን ማን አመጣው?»

«እኔ። መጋዘናችን ውስጥ ለአይጥ ያስቀምጡታል፤ ትንሽ ለመንኳቸው። ቤቱ አይጥ በዝቶበታል። ጠርሙሱ እዚያ መኖሩን የማያውቅ የለም።»

«ልጅሽ ይጽፍልሻል?»

«ለእማዬ ነው የሚጽፈው። ለእኔ ከጻፈ እንደማለቅስ ያውቃል።»

«አጎትሽ ‹ይሂዱ› ሲል እዚያው ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ምን አልሽ?»

«ወጥ ጨመርኩለት።»

ሻምበሉ የታጠቡትን ሰሐኖች አየ። ከሁሉም ራቅ ብላ አንዲት ትንሽ የሸክላ ጣባ በአመድ ተፈግፍጋ ተደፍታለች። «ይቺ የምን ናት?»

«የዱለት። አጎቴ ዱለት ላይ ሐሞት ጠብ ሲልለት ነው የሚወደው። ሌላው ሰው መራራውን አይችለውም። ስለዚህ የሱን ለብቻ ነው የምሠራው።»

ሻምበሉ አመስግኗት ወጣ።

መጨረሻ ያነጋገረው ወይዘሮ የሺአረግን ነበር፤ ሬሳው ባለበት ክፍል በር ላይ ዱካ ስበው ተቀምጠዋል።

«ምሳ በልተሃል፣ ልጄ?» አሉት። ወዲያው ያሉት ነገር ገባቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ይሁን፣ እማማ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ወይንሸት አጎቷን ስንት አጎረሰች?»

«ሁለት ነዋ። አንድ ጉርሻ ያጣላል አይደል የሚባለው?»

ቶሎ ነው የመለሱት፤ ከጥያቄው ጅራት ቀድመው። ሻምበሉ ሊሄድ ሲል እጁን ያዙት።

«ኤርሳዶን ይወስዱታል?»

«ጓድ አስፋው ከደወሉ፣ አዎ።»

«ከተወሰደ ነገ ሰማያዊ ቆቦቹ…»

«ይሄዳሉ።»

እጁን ለቀቁት። ሻምበሉ ከራሱ ጋር እየተነጋገረ ወደ ሳሎን ሄደ። ሴትዮዋ ከሁለት ዓይናቸው አንዱን የምታጠፋ አንዲት ነገር አፋቸው ውስጥ ይዘዋል፤ ከዋጧት አንዱ ይጠፋል፣ ከተፏት ሌላው። ጨካኝ ሥራ ነው የያዝኩት አለ በልቡ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ባዶው ትሪ እንደ ምሳው ሰዓት መካከል ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። ራሱ በሟቹ ቦታ ተቀመጠ።

«ይህ ምን ዓይነት ቲያትር ነው?» አለ አስፋው።

«አጭር ነው። ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። መርዙ ከምን ገባ? አምቦውን ሟቹ ከኤርሳዶ ጋር ከአንድ ጠርሙስ ተካፍሏል። ኤርሳዶ ቆሟል። ከትሪው አራት ሰው በልቷል። የተረፈውን ውሻው በልቷል፣ ዶሮዎቹም ለቅመዋል። ሁሉም አሉ። ትሪው ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ እኛ አገር ከአንድ ትሪ ተበልቶ አንድ ሰው ብቻ የሚደርሰው ምግብ ምንድን ነው? ጉርሻ ነው። ሌላው ሁሉ የጋራ ነው።»

ኑሪ አንገቱን ደፋ።

«ጓድ አስፋው ይህን ሰው የከሰሱት ስላላጎረሰ ነው፤» ሻምበሉ ወደ ኤርሳዶ ጠቆመ። «ነፃ የሚያወጣው ግን ያው አለማጉረሱ ነው። ከሌሎቹ ሦስት በላተኞች የሟቹን አፍ ያልነካ እጅ የሱ ብቻ ነው።»

«ወጥ ቤት ገብቷል።»

«ገብቷል። ቧንቧው ሲፈስ አግኝቶ ዘግቷል። ሲታጠብ የነበረው ማነው? ምሳ ሳያልቅ፣ ቧንቧ ለመዝጋት እንኳ ጊዜ ያጣ ሰው። የታጠበበት ውኃ ወደ ጓሮ ፈስሶ ከቦዩ የጠጣውን ዶሮ ገደለው። ዕቃ የተለቀለቀበት ውኃ ነው እንበል ብዬ ነበር፤ ዕቃው ግን ያን ጊዜ ገና ትሪ ላይ ነበር። የታጠበው እጅ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እስቲ እንደ ምሳው ሰዓት አጉርሱኝ። በባዶ እጅ።»

«ቀልድ ነው፤» አለ አስፋው።

«ከእርስዎ እንጀምር።»

አስፋው እየተነጫነጨ ባዶ እጁን ወደ ሻምበሉ አፍ ሁለት ጊዜ አደረሰ። «ከዚያስ?» አለው ሻምበሉ። «ከዚያማ ምግቤን በላሁ።» «በዚያው እጅ?» «በሌላ እጅ እበላለሁ?» «ጣትዎን ላሱ?» አስፋው አፈረ። «ዱለቱ ጥሩ ነበር» አለ።

ወይዘሮ የሺአረግም ሁለት አጎረሱ። እሳቸውም በዚያው እጅ መብላታቸውን ኤርሳዶ መሰከረ። መርዝ በነካ እጅ የሚበላ፣ ጣቱንም የሚልስ ሰው የለም፤ ሻምበሉ ይህን መናገር አላስፈለገውም።

«ወይንሸት።»

ከወጥ ቤቱ በር ተነሥታ መጣች። ባዶ እጇን ዘረጋች፤ አንዴ አጎረሰችው። እጇን መለሰችና ሁለተኛ ዘረጋች።

«አይደለም፤» አለ ኑሪ።

ሁሉም ዞሩ። ኑሪ ላብ አጥምቆታል። «ሁለተኛውን አልሰጠሽውም፣ ወይንዬ። አቶ ጉግሳ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። ‹አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልታጣዪኝ ነው?› አለሽ። ‹ወጡ አረረ› ብለሽ ሮጥሽ። ወጥ አላረረም፤ በትይዩ ነበርኩ፣ አይሸትም ነበር።»

አስፋው ሣቀ። «ለብቻው የበላ ሰው ምስክር ሆነ ደግሞ። ጌታውን ለማዳን ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ይወሰዳሉ።» ስልኩን አነሣ። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አደረገ።

«እማማ፤» አለ ሻምበሉ። «እርስዎ ሁለት ነው ብለውኛል። እዚያው ትሪ ላይ ነበሩ። የእርስዎ ቃል እንደቆመ ከቆየ ጓድ አስፋው ይደውላሉ። እኔም ልከለክላቸው አልችልም።»

ወይዘሮ የሺአረግ ልጃቸውን አዩ። ወይንሸትም አየቻቸው። ወይንሸት ሕፃን ሳለች ትኩሳት ሲይዛት ሌሊቱን ሙሉ ግንባሯን የዳበሱት፣ ጎረቤት ክፉ ቃል ሲናገራት ግንብ ሆነው የቆሙላት እሳቸው ናቸው። ከጓሮ የዶሮዎቹ ጩኸት ተሰማ። የስልኩ ክብ መሽከርከር ጀመረ።

«አንድ ነው፤» አሉ።

ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማው። አስፋው ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

«አንድ ነው» ደገሙት። «ጉግሳ ሲቀልድ እኔም ስቄ ነበር። ምን ዓይነት ችኮላ ነው ብዬ ስቄ። ኋላ ሲወድቅ ገባኝ። ሁለት ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄን ነው የማውቀው፣ ሌላ ምን ልበል።»

ሻምበሉ ከሟቹ ቦታ ተነሣ። «ሐሞት ጠብ ያለበት ዱለት መራራ ነው፤ ሌላ መራራ ቢገባበት አይታወቅም። ከሰው ሁሉ መራራ የሚወደው እሱ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሰው እንደማይነካው ታውቂያለሽ። ለአንድ ጉርሻ የሚበቃ በዚያች ጣባ አዘጋጀሽ፤ ሁለተኛ አልነበረሽም። ባዶ እጅሽን መልሰሽ ከትሪው ልታጎርሺው አልቻልሽም፤ በዚያ እጅሽ ትሪውን ብትነኪ እናትሽም ከዚያው ይበላሉ። ስለዚህ ሮጠሽ ታጠብሽ። እናትሽን መጠበቅሽ ነው ያጋለጠሽ።»

ወይንሸት ቀሚሷን አስተካከለች። «ደም አለን አለ። የማን ደም ነው ያለው? የሱ ልጅ ውጭ አገር ነው የሚማረው። የኔ ልጅ ነው እዚያ ወንዝ ዳር ያለው። ጠዋት ለመንኩት፤ እግሩን ይዤ። ‹አንቺ ሴት፣ በመንግሥት ሥራ አትግቢ› ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ከዚያ ምሳ ላይ ያን ተናገረ። እሱ ከሌለ ኤርሳዶ ይቀመጣል ብዬ ነው። ኤርሳዶ ይራዘም ይላል ብዬ። በቃ።»

ኤርሳዶ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ሲናገር ድምፁ ተሰባብሯል።

«ነገ ሊፈርም ነበር።»

«ምን?» አለ አስፋው።

«ጉግሳ ነገ ይራዘም ሊል ነበር። ከጅምሩም ሐሳቡ እሱ ነበር። መኪና ውስጥ ነው የምንነጋገረው፤ ኑሪም ያውቃል። በዚህ ሰውዬ ፊት መጮሃችን፣ ፈሪ ማለቱ፣ ዛሬም ደም አለን ማለቱ፣ ወደ ስብሰባው እስኪገባ ድረስ በሌላ ሰው እንዳይቀይሩት ነው። ያላጎረስኩትም ጥላችን እንዲታመን ብዬ ነው።» ወደ ወይንሸት ዞረ። «ካድሬ ፊት የተባለ ቃል ቃል መሆኑን እንዴት አመንሽ? ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አለ?»

ኑሪ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው።

ወይንሸት ፊቷ ላይ ደም አልቀረም። በዚያ ጊዜ ሁሉም እንዲህ ነበር የኖረው፤ ትሪ ላይ የሚባለው ለሦስተኛው ጆሮ ነው፤ እውነቱ በር ከተዘጋ በኋላ ይመጣል። እሷም እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ታውቅ ነበር። ልጅ ምሽግ ውስጥ ሲቀመጥ ግን እናት የሰማችውን ሁሉ ታምናለች።

አስፋው ስልኩን ቦታው አስቀመጠና ቆመ። «እንዲህ ነው ለካ። ስታታልሉኝ ነው የከረማችሁት። ይህን ዛሬውኑ ለሚመለከተው አደርሳለሁ። ነገ ማንም አይፈርም።»

«ያድርሱ፤» አለ ሻምበሉ በእርጋታ። «እኔም መዝገቤን አደርሳለሁ። ጓድ አስፋው ንጹሕ ሰው አስወስደው በወንበሩ ሊቀመጡ ሁለት ጊዜ ስልክ ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ ምርመራ እንዳይካሄድ ተቃወሙ፤ ጉርሻውን በዓይናቸው አይተው አልቆጥርም አሉ። የልዑካን መሪ በሞተበት ቤት እንዲህ ያደረገ ሰው ለምን ቸኮለ ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ከእርስዎ በላይ የሆኑ። እርስዎ የሰሙትን ከረሱ እኔም እረሳለሁ።»

አስፋው ባርኔጣውን ፈለገ፤ እጁ ላይ ነበር።

በማግሥቱ ኤርሳዶ ቡድኑን ይዞ አዳራሹ ገባ፤ የሰላም አስከባሪው ኃይል ተልእኮ ለስድስት ወር ታደሰ። ይህን ግን በዚያ ምሽት መግቢያ ላይ፣ በዚያ ሳሎን ውስጥ ማንም አላወቀውም።

ሻምበሉ ካቴና አላወጣም። በሩን ከፍቶ ቆመ። ከውጭ የቦሌ ነፋስ ገባ፤ ብርዱ የመጋረጃውን ጫፍ አነሣው። ወይዘሮ የሺአረግ ከትከሻቸው ነጠላቸውን አወለቁና ለልጃቸው ዘረጉ።

«ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልበላሽም እኮ፤» አሉ። «ብርድ ነው።»

ወይንሸት ነጠላውን አየችው፤ እናቷን አየቻቸው። ከዚያ በአጠገባቸው አልፋ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ በግቢው በር ወጣች። ሻምበሉም ተከተላት።